የተገለበጡ ኪሶች

መርማሪ ኦዴሳ ፋርሊ ሬሳ ማየት ለምዳለች፤ የዚህን ሽማግሌ ኪሶች ግን ትክ ብላ አየቻቸው። የሱሪያቸው፣ የኮታቸው፣ የካፖርታቸው ኪስ ሁሉ ተገልብጦ ነጭ ገበሩ እንደ ደከመው ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ከስሮ ከተዘጋው የቤት ዕቃ መደብር ጀርባ፣ የጡቡን ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነው የሞቱት። ጫማቸው ወልቆ ከጎናቸው ወድቋል፤ ካልሲያቸው ተገልብጧል። ባርኔጣም የላቸውም። በፖርት ሄስ የኅዳር ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ አጥንት ይፈልጋል፤ የዚያን ሰኞ ጠዋት ያገኘው የእሳቸውን ባዶ እግር ነበር።

"ዝርፊያ ነው፣ ቲቸር" አለ ዳኒ ኮቫክ።

ዳኒ የሰፈሩ ተዘዋዋሪ ፖሊስ ነው፤ ጉንጩ የቀላ፣ ሳቂታ ወጣት። ኦዴሳ በማሠልጠኛው "ፖሊስ ሰውን መቼ ያስቆማል፣ መቼ ይፈትሻል" የሚለውን ትምህርት ስትሰጥ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቲቸር እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ዛሬም ስኳሩን ሳይረሳ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞላት መጥቷል።

"የትናንት ማታው ፈረቃ ያንተ ነበር?"

"የኔ ነበር። ምንም አላየሁም። ሲዘንብ ነው ያመሸው፣ ውሻ እንኳ ደጅ አልወጣም።"

ኦዴሳ ጎንበስ አለች። ሟቹን ታውቃቸዋለች። የብረት ፋብሪካው ጡረተኛ ኮርኔሊየስ ዊምስ ናቸው፤ የግሬተር ኤልም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ። ልጅ ሆና በእናቷ እጅ ተይዛ በዚያ በር በገባች ቁጥር፣ በነጭ ጓንታቸው ወደ ወንበሯ የመሯት ወንድም ዊምስ ነበሩ። ማንንም ሰው፣ ሰክሮ የመጣውንም ቢሆን፣ እንደ ንጉሥ እንግዳ ነው የሚቀበሉት።

በኮታቸው የደረት ኪስ ውስጥ የገንዘብ ቦርሳቸው አለ። ያልተገለበጠው ይሄ ኪስ ብቻ ነው።

"አየህልኝ ዳኒ? ካልሲ ድረስ የበረበረ ሌባ ቦርሳውን ትቶ ሄደ። ብሩም መታወቂያውም አለ።"

"የሆነ ነገር አስደንግጦት ይሆናላ።"

ከሬሳው ራቅ ብሎ የውሃ መውረጃው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቡናማ የመድኃኒት ብልቃጥ ተጥላለች። ክዳኗ የለም። ነጫጭ ክኒኖቿ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተበትነው ግማሾቹ ተረግጠዋል። ብልቃጧ የተጣለችው የተቀመጠ ሰው እጁን ቢዘረጋ ከማይደርስባት ቦታ ነው። ኦዴሳ ርቀቱን ሁለት ጊዜ በዓይኗ ለካችው።

*

ሰኞ ከሰዓት ዳኒ ተጠርጣሪ ይዞ ገባ። ሰውየው ሰፈሩ "ትንኝ" እያለ የሚጠራው ኸርሼል በንች ነው፤ በረንዳ አዳሪ፣ የኦዴሳ የትምህርት ቤት ጓደኛ። ሲያዝ የሟቹን ግራጫ ባርኔጣ ደፍቶ በአውቶቡስ ማቆሚያው ይንጎራደድ ነበር።

"እጅ ከፍንጅ!" አለ የምርመራ ክፍሉ አለቃ ሃገርቲ እጆቹን እያፋተገ። "ሐሙስ አቃቤ ሕግ ክሱን ያቀርባል። ሰው በዝርፊያ ላይ ከሞተ ዘራፊው ባይነካውም ነፍሰ ገዳይ ነው። በሕይወት ከእስር አይወጣም።"

"ለአንድ ባርኔጣ?"

"ለአንድ ሽማግሌ፣ ፋርሊ። የምትወጃቸው ሰው አልነበሩም?"

ኦዴሳ ወደ መጠየቂያው ክፍል ገባች። ትንኝ ባያት ጊዜ ፊቱ በራ።

"ዴሳ! አብሮ አደግሽን በሰንሰለት? እናትሽ ብታይሽ ምን ትል ነበር?"

"እናቴ ብታይህ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ባርኔጣ አውልቅ ትልህ ነበር።"

"እሱንማ ወሰዱት።" ራሱን ዳበሰ። "ሙት ብርድ አይመታውም ብዬ ነው። እኔን ግን ይመታኛል።"

"ወንድም ዊምስን ምን አደረግሃቸው?"

"እኔ? እሳቸውን?" ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "በየፋሲካው ሽታዬን ታግሰው፣ ክንዴን ይዘው ወንበር ላይ የሚያስቀምጡኝ እሳቸው ናቸው እኮ። ሌላው እኔን ሲያይ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል ነው የሚለው። ሳገኛቸው ሞተው ነበር፣ ዴሳ። ጫማቸውን ላደርግላቸው ሞከርኩ። እግራቸው ደርቆ እምቢ አለኝ።"

"ኪሳቸውን የገለበጠው ማነው?"

"ተገልብጦ ነው ያገኘሁት። ከኔ የቀደመው ባለሙያ ነው አልኩ በሆዴ። የባርኔጣው የውስጥ ቆዳ እንኳ ተጎልጉሎ ወጥቶ ነበር። መልሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እዚህ ከተማ ያለውን ሌባ ሁሉ አውቀዋለሁ። ባርኔጣ ቆዳ ሥር የሚፈልግ ሌባ አላየሁም። እዚያ ሲፈልግብኝ የኖረ ሌላ ዓይነት ሰው ነው።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

ትንኝ ወደ በሩ አየ። ከበሩ መስኮት ማዶ የፖሊስ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ትከሻ ይታያል።

"በረደኝ፣ ዴሳ" አለ። ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

ማክሰኞ ኦዴሳ የሟቹን የእህት ልጅ ፈለገችው፤ በአያቱ ቤት ውርስ ተጣልቶ "አጎቴን አንድ ቀን አንቃቸዋለሁ" እያለ ሲዝት ሰው ሰምቶታል። ሰውየው ግን የዚያን እሑድ ምሽት ከፋብሪካ ጓደኞቹ ጋር ቦውሊንግ ሲጫወት አምሽቶ፣ ተሸንፎ፣ ሰክሮ፣ ተሸክመው ነው ያስገቡት። አጎቱ መሞታቸውን ከኦዴሳ አፍ ሲሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያም መንገድ ተዘጋ።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደች። የአስተናጋጆች ኅብረት ሊቀ መንበሯ እህት ጌይንስ ለቀብሩ የሚሆኑ ነጭ ጓንቶችን እየተኮሱ ነው። ቀና ብለው አዩዋት።

"መጣሽ ልጄ? ለሬሳ ካልሆነ እግርሽ ወደዚህ አይረግጥም።"

"ሥራ ነው፣ እህት ጌይንስ።"

"ሥራማ እናትሽም ነበራት። ጽዳት ስትሠራ ውላ እዚህ በር ላይ ቆማ ታመሽ ነበር።" በካውያቸው ግድግዳውን አመለከቱ። በተሰቀለው አሮጌ ፎቶግራፍ አስተናጋጆቹ በነጭ ልብስ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ሁሉም ቀጥ ብለዋል፣ ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ወርዷል። የኦዴሳ እናት መካከል ላይ ናቸው፤ ወንድም ዊምስ ከጎናቸው።

"እሑድ ማታ እንዴት ነበሩ?"

"ደህና ነበሩ። ትንሽ ደረታቸውን ይዟቸው ስለነበር ክኒኗን ከምላሳቸው ሥር አደረጉና አለፈላቸው። ያቺን ብልቃጥ ከኪሳቸው አይለዩም፤ ከሷ ጋር ከሆንኩ ማንንም አልፈራም ይላሉ።" እህት ጌይንስ ካውያቸውን አቆሙ። "በሩ ላይ እንደሚቆሙት ነው በየሄዱበት ሁሉ የኖሩት። ባንክ ቤት ሲሰለፉ እንኳ እንደ አስተናጋጅ ነው የሚቆሙት። የተከበረ ሰው ካናገራቸውማ ወዲያው ቀጥ ነው፣ ምንም ቃል አይወጣቸውም። እኛ ሥራ ላይ አንናገርም፣ በምልክት ነው፤ ታውቂው የለ። እና ማነው እንደዚያ ያለ ሰው ላይ እጁን ያነሳው?"

ኦዴሳ ደረጃውን ወጣች።

*

ረቡዕ ጠዋት ሬሳውን የመረመረው ዶክተር ሊንድ ጠራት።

"ልባቸው ነው። ክኒኗን ቢወስዱ ምናልባት ይተርፉ ነበር፤ እርግጠኛ ሆኜ ግን አልልም። የተደበደቡበት ምልክት የለም። ግራ ጉንጫቸው በጡብ ተፍቋል፤ ሁለቱም መዳፋቸው ላይ የጡብ ብናኝ አለ።"

"ሲወድቁ ግድግዳውን ይዘው ይሆናል።"

"እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ይሄኛው ነው ግራ ያጋባኝ።" የሽፋኑን ጫፍ ከእግር በኩል ገለጠው። በሁለቱም ቁርጭምጭሚት ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ እኩል ከፍታ ላይ፣ የበለዘ ምልክት አለ። "ምን ዓይነት አወዳደቅ ነው ሁለቱን እግር ከውስጥ በኩል የሚመታው?"

ኦዴሳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ ሁለት መዳፏን ለጠፈችበት። እግሮቿን ገጠመች። ጎንበስ ብላ የገዛ ቁርጭምጭሚቷን አየች።

"ይሄ አወዳደቅ አይደለም፣ ዶክተር" አለች። "እግርህን ክፈት እየተባለ በጫማ የሚመታበት ቦታ ነው።"

ዶክተር ሊንድ መነጽሩን አወለቀ። የሌባ ሥራ እንዳልሆነ እሱም ገባው። ሌባ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ቦርሳውን ወስዶ ይሮጣል። የሚፈልገውን ሳያውቅ ሰውን እንደ ጆንያ አራግፎ የሚበረብር፣ መታወቂያ አይቶም ወደ ደረት ኪስ የሚመልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደመወዝ ይከፈለዋል።

ሰው "ሕጉ አሻሚ ነው" ሲላት የኦዴሳ ደም ይፈላል። ምኑ ነው የሚያሻማው? ፖሊስ ሰውን መንገድ ላይ ለማስቆም "ሁኔታው ደስ አላለኝም" አይበቃውም፤ ወንጀል አለ የሚያሰኝ፣ በዓይኑ ያየው፣ በአፉ ሊናገረው የሚችል ነገር ያስፈልገዋል። ካስቆመም በኋላ መሣሪያ ይዟል ብሎ በምክንያት ካልጠረጠረ አይዳብስም። ቢዳብስም ከልብስ በላይ ነው። መዳፉ መሣሪያ ካላገኘ ኪስ አይገባም። ይህን ሕፃን ልጅ ይረዳዋል። ነገር ግን ያ "በአፉ ሊናገረው የሚችል" የተባለው ነገር በዚህ ከተማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? የሮጠ ሸሸ ይባላል፤ ያልሮጠ ተዳፈረ። ዓይኑን የሰበረ ደበቀ፤ ትክ ብሎ ያየ ዛተ። ሕጉ ምክንያት ስጥ ሲል፣ የሰፈሯ ሰው ከነጥቁር ቆዳው ምክንያት ሆኖ ይቀርባል።

ከሬሳ ክፍሉ እንደወጣች የትንኝ ጠበቃ ጋ ስልክ ደወለች። ዶክተሩ ያገኘውን አንድ በአንድ ነገረችው። ይህ ምን እንደሚያስከፍላት ታውቃለች።

*

ዳኒን ከመደብሩ ጀርባ መኪናው ውስጥ አገኘችው። ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። ዝናቡ መስተዋቱን ይመታል።

"ቲቸር! ዛሬ ደግሞ ቡና ሳልገዛልሽ።"

"ቁርጭምጭሚታቸው በልዟል፣ ዳኒ።"

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

"የማን?"

"የማን ትለኛለህ? ይሄን ጓሮ በዚያ ምሽት ካንተ ሌላ መኪና አልዞረውም።"

ሲናገር ድምፁ የተማሪ ድምፅ ሆነ፤ የሸመደደውን የሚያነበንብ ተማሪ።

"ዝናብ እየዘነበ፣ በጨለማ፣ ከተዘጋ መደብር ጀርባ ይሄድ ነበር። ይሄ አንድ። ቁም አልኩት፤ ቆመ። ምን ትሠራለህ አልኩት፤ አልመለሰም። ይሄ ሁለት።"

"ወደ ቤታቸው ነበር የሚሄዱት። በዚህ በኩል ያቋርጡ ነበር።"

"እሱን በምን አውቃለሁ? ሦስተኛውን ስሚ። እጁን ደበቀ። ገና ሳናግረው ቀጥ አለና ግራ እጁን ከጀርባው አደረገ። አውጣ አልኩት። አላወጣም። ጮህኩበት፤ የባሰ ቀጥ አለ! የሚገድልህ እጅ ነው፣ መጀመሪያ እጁን ተመልከቱ ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ?"

ኦዴሳ ለጊዜው ምንም አልሰማችም። የምድር ቤቱ ፎቶግራፍ ነው የታያት፤ ያ ነጭ ሰልፍ፣ የወረደው ቀኝ እጅ፣ የማይታየው ግራ እጅ። እናቷ ወጥ እያማሰሉ እንኳ ፓስተሩ ድንገት ወደ ቤት ከገቡ ግራ ክንዳቸው በራሱ ጊዜ ከወገባቸው ኋላ ይታጠፍ ነበር።

"ዳኒ" አለች። "የአስተናጋጅ አቋቋም ነው።"

"ምን?"

"ግራ እጅ ከኋላ ይታጠፋል፣ ቀኙ ይወርዳል፣ አፍ ይዘጋል። ላገለግልህ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። በየእሑዱ በዚያ በር እንደዚያ ነው የሚቆሙት። አንተ በጮህክ ቁጥር እሳቸው የበለጠ አከበሩህ።"

ዳኒ የገዛ ግራ እጁን አየ።

"እሺ፣ እጃቸውን ፈራህ እንበል። ግድግዳ አስያዝካቸው። ሁለቱም እጅ ባዶ መሆኑን አየህ። ከልብስ በላይ ዳበስክ። መሣሪያ አገኘህ?"

"ኪሱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ነበር።"

"መሣሪያ ይንኳኳል?"

"ዕፅ መሰለኝ። ሁሉም ያንን ነው የሚይዘው እዚህ ሰፈር፣ አንቺም ታውቂያለሽ! ገለበጥኩት። ክኒን ነው። ሌላም ይኖራል ብዬ..."

"ካልሲ አወለቅህ። ባርኔጣ ፈታህ። ክኒናቸውን ጠየቁህ?"

ዳኒ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ጠየቁህ ወይ ነው የምልህ!"

"ልቤ አለኝ።" ዳኒ እንባው መጣ። "ሁሉም ሲያዝ ልቤ ይላል፣ ቲቸር። ሁሉም። ከዚያ በሬዲዮ ሌላ ጥሪ መጣ። ብልቃጧን ወረወርኩና ሄድኩ። ቁጭ ብሎ ነበር። ደህና ነው ብዬ... ተመልሼ ልመጣ ነበር።"

"በማግስቱ ግን ትንኝን ይዘህልን መጣህ።"

"ባርኔጣውን አድርጎ ነበራ! እሱንስ በሕግ ነው ያስቆምኩት።"

"አዎ" አለች ኦዴሳ በሩን እየከፈተች። "ዕድሜ ልኩን ልታሳስረው የነበረውን ሰው በደንብ አድርገህ በሕግ አስቆምከው።"

*

ሃገርቲ ቆሞ ነው የጠበቃት። ዳኒ ቀድሟት ነግሮታል።

"በሩን ዝጊው። ትንኝን እለቅልሻለሁ። የባርኔጣ ስርቆት ብቻ፤ እሱም ይሰረዛል። ሽማግሌው በልብ በሽታ ሞቱ፤ እውነትም ነው። የቁርጭምጭሚቱ ነገር ግን ከአንቺ ሪፖርት ውስጥ ይወጣል።"

"ዘግይተሃል። ጠበቃው ያውቃል።"

የአለቃው ፊት ቀስ ብሎ ቀላ። "የገዛ ቤትሽ ላይ እሳት ለኮስሽ።"

"ቤቴ የቱ ነው፣ አለቃ?"

"ስሚኝ ፋርሊ። ልጁ እጁን ደብቆ ነበር ይላል። ጨለማ፣ ዝናብ፣ የማይመልስ ሰው፣ የተደበቀ እጅ። ይሄን ማንም ዳኛ በቂ ምክንያት ነው ይለዋል። አንቺ ራስሽ ብትሆኚ..."

"ለማስቆም ይበቃ ይሆናል፤ እሱንም እከራከርሃለሁ። ካልሲ ለማውለቅ ይበቃል? መድኃኒት ለመንጠቅስ? የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው? አምጣና አሳየኝ!"

ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። መተየቢያዎቹ ሁሉ ዝም አሉ። ሃገርቲ ሊያሳያት የሚችለው ገጽ ስለሌለው መስኮቱን አየ።

ትንኝ ሐሙስ ማለዳ ያለ ባርኔጣ ተለቀቀ። ዓርብ አቃቤ ሕጉ ነገሩን አየሁት አለ፤ መኮንኑ እጅ ተደብቆ በማየቱ ለሕይወቱ መስጋቱ ተገቢ ነው፣ የሚያስከስስ አላገኘሁም ብሎ ዘጋው። ዳኒ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ኦዴሳም ተዛወረች፤ የጠፉ ዕቃዎች ወደሚቀመጡበት ክፍል፣ ከጃንጥላና ከብስክሌት ጋር።

*

ቅዳሜ የግሬተር ኤልም ደጃፍ በነጭ ተሞላ። ከከተማው ቤተ ክርስቲያናት ሁሉ አስተናጋጆች መጥተው፣ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ መሠዊያው፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ቀኝ እጅ ወርዷል። ግራ እጅ አይታይም። ከበሩ በስተቀኝ አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

ትንኝ ፊቱን ታጥቦ፣ የሰው ኮት ለብሶ መጣ። ባዶው ቦታ ፊት ሲደርስ ቆሞ ቀረ፤ ክንዱን ይዞ ወንበሩን የሚያሳየው ሰው ይጠብቅ ወይስ ብቻውን ይግባ፣ አላወቀም። እህት ጌይንስ ኦዴሳን በዓይናቸው ጠሩና የተተኮሰ ጓንት መዳፏ ላይ አኖሩላት።

"የእናትሽ ነው" አሉ። "አንድ ሰው ጎድሎናል።"

ኦዴሳ ጓንቱን አጠለቀች። ልኳ ነው። የትንኝን ክንድ ይዛ ወደ ፊተኛው ወንበር፣ ከቤተሰቡ ኋላ፣ ወስዳ አስቀመጠችው። ተመልሳ ወንድም ዊምስ በኖሩበት ቦታ ቆመች። ግራ ክንዷ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከወገቧ ኋላ ታጠፈ።

መዝሙሩ ሲጀመር አለቃ ሃገርቲ ደረጃውን ወጣ። ጥቁር ልብስ ለብሷል፣ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ሊያዝን ነው የመጣው፤ በዚህ ኦዴሳ አልጠረጠረችውም። በነጩ ሰልፍ መካከል አለፈና ፊቷ ቆመ።

"ፋርሊ" አለ ቀስ ብሎ።

አልመለሰችለትም። ሥራ ላይ አይናገሩም።

ያን ጊዜ ዓይኑ ከፊቷ ወረደ። ወደ ትከሻዋ፣ ወደ ክርኗ፣ ከዚያም ወደማይታየው እጇ። ለቅጽበት ነው፤ እሱም ሳያውቀው ነው። ባርኔጣውን የያዘው እጁ ሽጉጥ ወደሚታጠቅበት ወገቡ ከፍ አለና ቆመ። ማን ፊት እንደቆመ፣ የት እንደቆመ፣ ለምን እንደመጣ ያውቃል፤ ዓይኑ ግን ወረደ።

ኦዴሳ አየችው። እጇን ልታወጣለት ትችል ነበር።

አላወጣችውም። ይበልጥ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ቀኝ እጇንም ዘርግታ ወንበሩን አሳየችው።